ያልሰማሁትን ሰማሁ ያልኩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት የአዋላጆች በዓል ሲከበር እኛ ጡረተኞቹም ተጠርተን ነበር። ከፊተኛው ረድፍ አስቀመጡን፤ ደረታችን ላይ አበባ ሰኩልን፤ ኬክ ተቆረሰ፤ ስማችን እየተጠራ ተጨበጨበልን። እግዜር ይስጣቸው፣ ሳንሞት ማስታወሳቸው ደግ ነው። እኔ ግን ሰው ፊት ስመሰገን ሁልጊዜ ጭብጨባው ቶሎ እንዲያልቅ እመኛለሁ፤ ምክንያቱን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

አጠገቤ የተቀመጠችው ብሌን ናት። ብሌን የሚድዋይፍ ተማሪ ነች፤ ከወሎ ገጠር የመጣች፣ አዲስ አበባ ውስጥ ዘመድ የሌላት። ጡረታ የወጣን አዋላጆች ተሰባስበን ከክፍለ ሀገር መጥተው ለሚማሩ ልጆች ነጭ ጋውኑንም ጫማውንም መጽሐፉንም እንደ አቅማችን እንችላለን። ከዚያ ሌላ እያንዳንዳችን አንዳንድ ልጅ ይዘናል። ልጅቷ እሑድ እሑድ ቤታችን መጥታ ምሳ ትበላለች፤ ትምህርቱ ካስቸገራት ትጠይቃለች፤ ማልቀስ ካማራትም ታለቅሳለች። ብሌን የእኔ ድርሻ ናት። ዱሮም ዝምተኛ ነች፤ ያን ቀን ደግሞ ብሶባታል። ኬኳን በሹካ ትቆራርጣለች እንጂ አትቀምሰውም።

"ሲስተር" አለችኝ በመጨረሻ፣ "በሥራ ዘመንዎ በጣም የፈሩበት ቀን የቱ ነው?"

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ለጠየቀኝ ሁሉ የምነግረው የተዘጋጀ ታሪክም አለኝ፤ ያጠረ፣ ያማረ፣ እኔ ጀግና የሆንኩበት። ለብሌንም ያንኑ ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ፊቷን ሳየው ግን ተውኩት፤ ጨዋታ ፈልጋ የጠየቀች ልጅ ፊት አልነበረም። ስለዚህ ሳልከረክም ነገርኳት።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ሰባዎቹ አጋማሽ ላይ። ሃያ ዓመት ሞልቶኝ፣ የአዋላጅ ነርስነት ትምህርቴን ለመጨረስ ጥቂት ወራት ቀርተውኛል። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች በየቀበሌው ተደልድለን እርጉዞችን በየቤታቸው እንጎበኝ ነበር። ለእኔ የደረሰኝ አራዳ ነው፤ ከፒያሳ ወደ ውቤ በረሃ የሚያወርደው ሰፈር። ያደግሁት ናዝሬት ስለሆነ ፒያሳ ለእኔ ሌላ አገር ነበር። ከኬክ ቤቶቹ በር የሚወጣው የቅቤና የቫኒላ ሽታ መንገዴን ያስረሳኝ ነበር። ክረምት ከሆነ ደግሞ ጥግ ጥጉን ይዘው በቆሎ የሚጠብሱ ሴቶች አሉ፤ ያን ትኩስ በቆሎ በነጭ ዩኒፎርም እየጋጡ መሄድ ክልክል ነው፤ እኔም እየተደበቅሁ እግጥ ነበር።

የያዝኩት ዕቃ ብዙ አይደለም። በቦርሳዬ ውስጥ መቀስ፣ ክር፣ መርፌና መድኃኒት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእንጨት ማዳመጫ አለ። አንዱ ጫፉ ሰፊ፣ ሌላው ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ አጭር ቱቦ ነው፤ ሰፊውን እናትየዋ ሆድ ላይ አድርገሽ በሌላው ላይ ጆሮሽን ትጥያለሽ፤ የጽንሱን ልብ ትሰሚያለሽ። ቦርሳው ውስጥ አልገባ ስለሚለኝ በእጄ ነበር የምይዘው። ለአራዳ ልጆች እኔ ላይ ለመቀለድ ያ በቂያቸው ነበር። በተለይ የቀበሌው ዘበኛ ጋሽ ደምሴ፣ ባለፍኩ ቁጥር "ዶክተር፣ የእኔንም ልብ አዳምጪልኝ እንጂ፣ ቆሞ እንደሆነ ልወቀው" ይሉኛል። ጋሽ ደምሴ ዱሮ በውቤ በረሃ ቡና ቤቶች አኮርዲዮን ሲጫወቱ የኖሩ ሰው ናቸው። ቤቶቹ ቀዝቅዘው እሳቸውም ሲያረጁ፣ ቀበሌው አንድ አሮጌ ጠመንጃ ሰጥቶ በር ላይ አስቀመጣቸው። ጠመንጃውን አንድም ቀን በደንብ ይዘውት አላየሁም።

አስተማሪያችን ሲስተር የሺ ነበሩ። ቀጭን፣ ጥላቸውን ከእጃቸው የማይለዩ፣ በሙያቸው እንከን የማይወጣላቸው ሴት። ስንጎበኝ ቤት አይገቡም፤ ከግቢው በር ቆመው ይጠብቁንና ስንወጣ ሦስት ነገር ይጠይቁናል። ምን አየሽ? ምን ዳሰስሽ? ምን ሰማሽ? መልሱ ወዲያው መምጣት አለበት። አንዷ ጓደኛችን አንድ ቀን "ልቡን አልሰማሁትም" ብላ መለሰች። ሲስተር የሺ ሦስት ጊዜ መልሰው አስገቧት፤ በሦስተኛው እኛ ሁላችን ፊት "ጆሮሽን ለጉትቻ ብቻ ነው የፈጠረልሽ?" አሏት። ልጅቷ እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ እያለቀሰች ወረደች። ከዚያ ቀን በኋላ ከመካከላችን አልሰማሁም ያለ ሰው አልነበረም። ሁላችንም በድንገት ጆሯችን ተከፈተ።

ነሐሴ ላይ የሰናይትን ቤት የጎበኘሁት በዚህ ፍርሃት ነው። ሰናይት ከአዲግራት የመጣች፣ በቤቷ የስፌት መኪና ልብስ የምትሰፋ ሴት ነች፤ ባሏ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። ሁለት ልጆች ወልዳለች፤ ይህ ሦስተኛዋ ነው። የምትኖርበት ግቢ አምስት ቤተሰብ በአንድ ቧንቧ የሚጠቀምበት፣ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጋር በአጥር የሚዋሰን ነበር። በአጥሩ ላይ እንጨት ተተክሎ፣ እንጨቱ ላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል። አፉ የዞረው ወደ ሰናይት መስኮት ነው። ያን ቀን ለስብሰባ እየጠራ፣ በመካከሉ መዝሙር እየለቀቀ ሲጮህ ነበር።

ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አድርጌ ጆሮዬን ጣልኩ። መዝሙር ሰማሁ። ቦታ ቀየርኩ፤ አሁንም መዝሙር። በግራ፣ በቀኝ፣ ከእምብርቷ በታች፣ ሁሉም ቦታ ሰልፈኛ እንጂ ሕፃን አልነበረም። ውጭ ዝናቡ ሊመጣ ነው፤ ሲስተር የሺ በር ላይ ጥላቸውን ሲከፍቱ ይታየኛል፤ ከእኔ በኋላ ሌላ አራት ቤት አለ።

የግቢው ትልቅ ሰው እማማ ጠጂቱ ከደጃፉ ተቀምጠው ጎመን እየቀነጠሱ ያዩኛል። እማማ ጠጂቱ የልምድ አዋላጅ ናቸው፤ የሰፈሩን ግማሽ ሰው በእጃቸው ተቀብለዋል፤ የሰናይትንም ሁለት ልጆች እንደዚሁ። ከዚያ ዓመት ወዲህ ግን ቀበሌው እንዲህ ያለውን ሥራ ለተማሩት ልቀቁ ብሏቸው ነበር። የተማርኩት እንግዲህ እኔ ነኝ።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ይሄ ሆድ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ያለበት አይመስለኝም።"

"እማማ፣ እኛ በመሣሪያ ነው የምናውቀው" አልኳቸው፣ ቀና ሳልል።

"ደግ፤ መሣሪያው ታዲያ ምን አለሽ?"

ምንም አላለኝም ነበር። ፈገግ ብዬ ቦርሳዬን ዘጋሁ፤ ሰናይትን "ሁሉም ደህና ነው" ብዬ ወጣሁ። ሲስተር የሺ ከበሩ ላይ ምን አየሽ፣ ምን ዳሰስሽ አሉኝ፤ መለስኩ። ምን ሰማሽ ሲሉኝ "አንድ ልብ፣ በደቂቃ መቶ አርባ፣ ወጥ" አልኩ። ምላሴ እንኳ አልተደናቀፈም። ካርዷ ላይም ያንኑ ጻፍኩት፤ በሚያምረው የእጅ ጽሑፌ፣ ቀኑን ጨምሬ፣ ፈርሜ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በቆሎ ገዝቼ የበላሁት መንገድ ዛሬም ትዝ ይለኛል፤ ጨው በርበሬው ሳይቀር።

መስከረም ጠባ። የአብዮቱ በዓል ዕለት ከተማው በሙሉ ለሰልፍ ወጣ። የቀረ ሰው ቀሪ ይያዝበታል፤ ስለዚህ መራመድ የሚችል አይቀርም። ከጠዋቱ ጀምሮ መንገዱ ተዘግቷል፤ ከወታደር መኪና በቀር የሚያልፍ የለም። እኔና ሲስተር የሺ በጤና ጣቢያው ተረኛ ሆነን ቀረን። ሦስት ሰዓት ላይ ሲስተር የሺ ሥላሴ አጠገብ ምጥ የያዛት ሴት አለች ተብለው በእግራቸው ሄዱ። እሳቸው ከወጡ ሩብ ሰዓት አልሆነም፤ የሰናይት ጎረቤት ነጠላዋን በአንገቷ ጠምጥማ እየሮጠች መጣች። ከሰናይትና ከእማማ ጠጂቱ ጋር ከሰልፍ የቀረችው እሷ ብቻ ነች፤ አራስ ስለሆነች።

ቦርሳዬን ይዤ ወረድኩ። የፒያሳ ሱቆች ሁሉ ተቆልፈዋል፤ ሰው የሌለበት ፒያሳ ያኔ ነው ያየሁት። ወደ ውቤ በረሃ የሚያወርደው ጭቃ ገና አልደረቀም፤ በአጥሩ ሥር ግን አደይ አበባ ብቅ ብሏል። ከሰው ይልቅ ድምፅ ማጉያው ነበር መንገዱን የሞላው። በየእንጨቱ ላይ የተሰቀለው ሁሉ ከአደባባዩ የሚተላለፈውን የሊቀመንበሩን ንግግር ይናገራል፤ አንዱን አልፌ ወደ ሌላው ስደርስ ያው ዐረፍተ ነገር ይጠብቀኛል።

ሰናይት ምጧ ፈጥኖ ነበር። "ወይ ኣደይ፣ ወይ ኣደይ" ትላለች በትግርኛዋ፣ እናቷን እየጠራች፤ እማማ ጠጂቱ ጀርባዋን ደግፈው "ማርያም ትቅረብሽ" ይሏታል። ማዳመጫዬን አወጣሁ፤ ሆዷ ላይ ጣልኩ፤ የሰማሁት ንግግር ነው። ካርዷን ገልጬ አየሁት። አንድ ልብ፣ መቶ አርባ፣ ወጥ ይላል። ምን ያህል እንዳረጋጋኝ ልነግራችሁ አልችልም። የገዛ ጽሑፌን እንደ ሌላ ሰው ቃል አምኜ ተቀበልኩት።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ልጅቷ መጣች። ትንሽ ነበረች፤ ግን ወዲያው አለቀሰች። እትብቷን በሁለት በኩል አስሬ ቆረጥኩ፤ ጠቅልዬ ለጎረቤቲቱ ሰጠሁ። ጎረቤቲቱ እልል ልትል አፏን ስትከፍት እማማ ጠጂቱ በእጃቸው ከለከሏት። "እንግዴ ልጁ ሳይወጣ እልል አይባልም" አሏት።

እኔ መርፌውን አዘጋጅቻለሁ። ልጅ እንደተወለደ ደም እንዳይፈስ የሚወጋ መድኃኒት ነው፤ ማህፀንን ጭምድድ አድርጎ ይይዘዋል። ሲስተር የሺ ይህን ሲያስተምሩን መጀመሪያ ያስጠኑን አንድ ነገር አለ፦ ሆድ ሳይዳሰስ መርፌ አይወጋም፤ ሌላ ልጅ ቢኖር በር ትዘጊበታለሽ። በቃሌ አውቀዋለሁ። ነገር ግን ካርዱ አንድ ልብ ይላል፤ ምን እዳስሳለሁ። መርፌውን በቀኝ እጄ ይዤ ጭኗን በአልኮል ጠረግሁ።

የእማማ ጠጂቱ እጅ የእጄን አንጓ ያዘኝ። ቀስ ብሎ ነው የያዘኝ፤ ግን አለቀቀኝም።

"ቆዪ ልጄ። ሆዷ አልጎደለም።"

መርፌውን አስቀምጬ እጄን ሆዷ ላይ አደረግሁ። በግራ ጎኗ በኩል ክብ፣ ጠንካራ ነገር አገኘሁ፤ ጭንቅላት ነው። በቀኝ በኩል ሌላው ጫፍ አለ። ሁለተኛው ልጅ በአግድም ተጋድሟል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። መርፌው ሳህኑ ላይ ተኝቶ አየዋለሁ፤ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ልጁ እውስጥ ታፍኖ፣ እናቱም አብራው ልትሄድ ትችል ነበር። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ማንም መንገር አላስፈለገውም።

ጎረቤቲቱን መኪና እንድትጠይቅ ላክኋት። ሮጣ ሄዳ ሮጣ ተመለሰች። ከላይ ያሉት ወታደሮች ሰልፉ ሳያልቅ ምንም መኪና አያልፍም ብለዋታል፤ በቃሬዛ እንዳንወስዳት ግቢው ውስጥ አንድም ወንድ የለም። ምጡ ለጊዜው ጋብ ብሎ ነበር። ከሁለተኛው በፊት እንዲህ ያለ ዕረፍት እንደሚኖርና በዚያች ዕረፍት ልጁን ከውጭ በእጅ ማዞር እንደሚቻል ተምሬያለሁ፤ ሲደረግ ግን አይቼ አላውቅም።

"እማማ፣ የተጋደመ ልጅ አዙረው ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ። አንዳንዱ ይዞራል።" ወደ እኔ ጠጋ ብለው "አንዳንዱ እጄ ላይ ሞቷል" አሉ። ሰናይት እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው ያሉት።

ለምን እንደሚሞት እኔ ተምሬያለሁ። ሲዞር እትብቱ ሊጠመዘዝ ወይም ሊጨመቅ ይችላል፤ ያኔ ልቡ ይዳከማል። ልቡን እየሰማ "ቁም" የሚል ሰው ካለ ግን ጊዜ ይገኛል። የእሳቸው እጅ ያውቃል፤ የሚሰማላቸው ጆሮ ነበር የጎደላቸው። የእኔ ጆሮ ደግሞ ንግግር እንጂ ሌላ አይሰማም።

በአጥሩ ሽንቁር ወደ ቀበሌው ገባሁ። ጋሽ ደምሴ የድምፅ ማጉያው ማሽን አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጠመንጃው ግድግዳ ተደግፏል። እጄ ላይ ያለውን ደም ሲያዩ ተነሡ።

"ጋሽ ደምሴ፣ ይህን ነገር ለአሥር ደቂቃ ይዝጉልኝ።"

እንደ ወትሮው ይቀልዱብኛል ብዬ ነበር። አልቀለዱም። "ንግግር ላይ ናቸው እኮ" አሉኝ። "ይህን መዝጋት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

አውቃለሁ። በዚያ ዘመን ለዚህ ትርጉም የሚፈልግ ሰው አልነበረም። ሰናይት አንድ ወልዳ ሁለተኛው እንደተጋደመ፣ ሲዞር ልቡን መስማት እንዳለብኝ ነገርኳቸው።

"ካልሰማሽው ይሞታል?"

"አላውቅም" አልኳቸው። "ካልሰማሁ አላውቅም።"

ከነሐሴ ጀምሮ ስለዚያ ሆድ የተናገርኩት የመጀመሪያው እውነት ይኸው ነው። ጋሽ ደምሴ ጥቂት አዩኝ። "በዚህ ቀበሌ አላውቅም የሚል ሰው ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ" አሉና ወደ ማሽኑ ጎንበስ አሉ። "ፊውዝ ነው የተቃጠለው። አንቺ ደግሞ እዚህ አልመጣሽም።"

እየሮጥኩ ስመለስ፣ መሐል ግቢው ላይ ስደርስ ማጉያው ዝም አለ። የቧንቧው ጠብታ ተሰማ። ከሩቅ፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ በኩል የሌላው ቀበሌ ማጉያ ይሰማል፤ ግን ከመስማት አይከለክልም። ተንበርክኬ ጆሮዬን ጣልኩ። መጀመሪያ የሰማሁት የራሴን ልብ ነው። ትንፋሼን ያዝኩ። ከሥሩ፣ ፈጠን ያለ፣ ቀጭን፣ ቲክ ቲክ የሚል ሌላ ልብ አገኘሁ።

"አለ" አልኳቸው።

እማማ ጠጂቱ እጃቸውን ቅቤ ቀብተው አንዱን በጭንቅላቱ፣ ሌላውን በመቀመጫው በኩል አድርገው መግፋት ጀመሩ። ሰናይት ጥርሷን ነክሳ ጣሪያውን ታያለች። ልጁ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ልቡ ደህና ነው። ደግሞ ገፉ። አሁን ዘገየ፤ ቲክ፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ ቲክ።

"ይቁሙ እማማ።"

እጃቸውን ሳያነሡ ቆሙ። ዐይናቸው እኔ ላይ ነው። ምን ያህል እንደጠበቅን አላውቅም፤ የሰናይትን እጅ ጨምቄ ይዤ ነበር፤ በኋላ የጥፍሬን ምልክት አየሁት። ልቡ ቀስ በቀስ ተመለሰ። "ይቀጥሉ" አልኳቸው። ገፉ፣ አቆምኳቸው፣ ገፉ። በሦስተኛው ልጁ በራሱ ጊዜ ግልብጥ ሲል በጆሮዬ ላይ ተሰማኝ፤ ጭንቅላቱ ወደ ታች ወረደ። ምጡም ወዲያው ተመለሰ።

በዚህ መሐል ከውጭ የሞተር ብስክሌት ድምፅ መጣ። የቀበሌው ካድሬ ነው። "ማን ነው የዘጋው?" ሲል፣ ጋሽ ደምሴ "ጓድ፣ ፊውዙ ነው" ሲሉ፣ እሱ "ፊውዙን አሳየኝ" ሲል በአጥሩ በኩል ይሰማናል። እኔ እጄ በሰናይት ላይ ነው፤ ሰውነቴ በሙሉ ግን ወደ አጥሩ ዞሯል። ወዲያው የቡትስ ኮቴ ወደ ግቢው ገባ፤ በሩ ተንኳኳ።

"እዚህ ውስጥ ማን አለ?"

እማማ ጠጂቱ ከቦታቸው ሳይንቀሳቀሱ መለሱለት። "ጌታው፣ ሴት እየወለደች ነው፤ ወንድ አይገባም። እርስዎም ሲወለዱ ወንድ አልገባም፤ እናትዎን ይጠይቋቸው።"

ኮቴው በሩ ላይ ቆመ። አልገባም፤ አልሄደምም። ልጁ የተወለደው ካድሬው በር ላይ ቆሞ ነው። ወንድ ነበር፤ ሰማያዊ ሆኖ፣ ልፍስፍስ ብሎ ወጣ። አፉን ጠረግሁ፤ ጀርባውን አሸሁ፤ አላለቀሰም። በጨርቅ ይዤ አፌን አፉና አፍንጫው ላይ አድርጌ ትንፋሽ ሰጠሁት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በአራተኛው ደረቱ በራሱ ተነሣ፤ ከዚያ እንደ ድመት ግልገል አለቀሰ። ሰናይት በትግርኛ የሆነ ነገር ተናግራ ፊቷን ሸፈነች። ሆዷን ዳስሼ፣ ደግሜ ዳስሼ ሦስተኛ እንደሌለ ካረጋገጥኩ በኋላ መርፌውን ወጋኋት። እንግዴ ልጁ ሲወጣ እማማ ጠጂቱ "በሉ አሁን" አሉ፤ እልል ተባለ። ካድሬው እልልታውን ሰምቶ ሄደ። ማጉያውም ወዲያው መናገር ጀመረ።

ሲጨልም ሰናይት ገንፎዋን እየበላች፣ ባሏ ጭቃ በያዘው ጫማው መሐል ቤት ቆሞ ሁለቱን ልጆች በየተራ ያይ ነበር። ጋሽ ደምሴን ግን ከሰዓት በኋላ ወስደዋቸዋል። የተቃጠለ ፊውዝ ማሳየት አልቻሉምና።

ሲስተር የሺ በማግሥቱ ካርዱን አዩት። "ነሐሴ ላይ አንድ ልብ ብለሻል፤ መቶ አርባ" አሉኝ። "እንዴት ነው?" ያኔ ልናገረው እችል ነበር። "አንዱን ብቻ ነው የሰማሁት፤ ሁለተኛው ተደብቆብኝ ነው" አልኳቸው። ይደርሳል አሉ፤ ትልልቅ ሐኪሞችንም ያሳስታል አሉ። ከዚያም አልፈው ክፍሉ ፊት አመሰገኑኝ። የእማማ ጠጂቱ እጅ በእኔ ንግግር ውስጥ እያነሰ፣ የእኔ እጅ እየበዛ ሄደ። በምርቃት ቀን ሁለተኛውን ሕፃን ያዳነችው ተማሪ ተብዬ ተጨብጭቦልኛል። ያ ጭብጨባ ሲሰማ ጋሽ ደምሴ ከሥራቸው ወጥተው ነበር።

የተፈቱት መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ፒያሳ ላይ አገኘኋቸው፤ ከስተዋል፤ አንድ ጥርሳቸው የለም። ምን እንደደረሰባቸው አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። "ያን ቀን ሰማሽው?" ብቻ አሉኝ። ሰማሁት አልኳቸው። "እንግዲያው ደግ" አሉና አለፉ። ነሐሴ ላይ እውነቱን ተናግሬ ቢሆን ኖሮ፣ መንታ መሆኑ ቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ ሰናይት ሰልፉ ሳይመጣ ሐኪም ቤት ትተኛ ነበር፤ እሳቸውም ማሽኑን የሚዘጉበት ምክንያት አይኖርም ነበር። ይህን ልነግራቸው ከኋላቸው ትንሽ ተራምጄ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

ለብሌን እዚህ ድረስ ነገርኳት። የዋሸሁበትን ጭምር ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ሰነፍ ተማሪ ነበርኩ ብዬ አልጨመርኩም፤ አልነበርኩምና። ፈሪ ነበርኩ፤ የምፈራው ደግሞ ካድሬውን ሳይሆን የምወዳቸውን አስተማሪዬን ነው። ለሚማሩ ልጆች ጋውንና ጫማ መግዛት ደግ ነው፤ እንገዛለን። ነገር ግን አንዲት ተማሪ "አልሰማሁም" ብትል የማያዋርዳት አንድ ሰው ከሌላት ጋውኑ ምን ያደርግላታል።

ብሌን ሹካዋን አስቀመጠች።

"ሲስተር፣ ረቡዕ ዕለት ክሊኒኩ ተጨናንቆ ነበር" አለች። "አንዲት እናት የደም ግፊቷን ሳልለካ ሞላሁላት። መቶ አሥር በሰባ ብዬ። ስትወጣ ግንባሯን በእጇ ይዛ ነበር።"

"ስንት ወሯ ነው?"

"ስምንት። ቁጥሯን ከመዝገብ ገልብጬ ይዤዋለሁ። ይኸው ሦስት ቀኔ፣ መደወል አቃተኝ።"

በስምንት ወር ራስ ምታት ላይ ያልተለካ የደም ግፊት እናትንም ልጅንም ሊገድል ይችላል፤ ተነሣሁ። መድረኩ ላይ የምስክር ወረቀት ልቀበል ስሜ እየተጠራ ነበር፤ ጓደኞቼ ወዴት ነው ብለው በእጃቸው ጠየቁኝ። ብሌንን በክንዷ ይዤ ከአዳራሹ ውጭ ወዳለው ደረጃ ወጣሁ። ስልኩን እኔ ያዝኩላት፤ ቁጥሩን እሷ መታች። ሦስት ጊዜ ጠራ፤ አራት ጊዜ ጠራ። በአምስተኛው የደከመ የሴት ድምፅ "አቤት" አለ።

"እህቴ፣ ከጤና ጣቢያው ነኝ" አለች ብሌን። "ረቡዕ ዕለት የደም ግፊትሽን አልለካሁልሽም። አሁን የት ነሽ? እንመጣለን።"